ምላጭም እንደ ምጣድ ይሟሻል

ባለፈው ሐምሌ አንድ ቀን ለአባቴ ምሳ ይዤ ወደ እንጨት ሥራ ቤታቸው ስደርስ ከውስጥ እንደ ጥይት የጮኸ ድምፅ ሰማሁ። የምሳ ዕቃውን ከነፌስታሉ ጭቃው ላይ ጥዬ ሮጥኩ። ልጄ ከማሽኑ ሁለት እርምጃ ርቆ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣብቆ ቆሟል። አባቴ ማጥፊያውን ተጭነው «ማንም እንዳይጠጋ! መዘውሩ ገና አልቆመም!» እያሉ ይጮኻሉ። የልጄን እጆች ይዤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። አሥሩም አሉ። ትንፋሼ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው።

የተበጠሰው የባንድሶው ምላጭ ነበር። የዚያኑ ዕለት ጠዋት ከመርካቶ የተገዛ፣ ከተገጠመ ግማሽ ሰዓት ያልሞላው አዲስ ምላጭ።

ባንድሶው አይታችሁ ለማታውቁ አንባቢያን በአጭሩ ላስረዳ። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች የተቀመጡ ሁለት ትልልቅ መዘውሮች አሉት። በሁለቱ ላይ አንድ ጠርዙ ጥርስ የሆነ ቀጭን የብረት ጥብጣብ እንደ ቺንጋ ይጠለፍና ይዞራል። ምላጭ የምንለው ይህንን ጥብጣብ ነው። እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ አጋድመው ወደ ጥርሱ ሲገፉት ይቆርጣል። የወንበር እግርና መደገፊያን የመሰለ ጎባጣ ነገር የሚወጣው በእሱ ነው፤ ወፍራም ሳንቃም በቁሙ ለሁለት ይሰነጥቃል።

ማሽኑ የቆየ ታሪክ አለው። ዊሊያም ኒውቤሪ የተባለ እንግሊዛዊ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የፈጠራ መብት አስመዝግቦበት ነበር። ችግሩ ግን የጥብጣቡ ሁለት ጫፎች የሚገናኙበት መጋጠሚያ ቶሎ ቶሎ መበጠሱ ነው። ለዚህ የሚሆነውን የብየዳ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1846 ያገኘችው አን ፖሊን ክሬፓን የተባለች ፈረንሳዊት ናት። ማሽኑ በየሥራ ቤቱ ሊገባ የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። ይህንን ለአባቴ ስነግራቸው፣ «ሴት ናት በዪኛ!» ብለው ብዙ ሳቁ። እኔን በልጅነቴ ወደ ማሽኑ አስጠግተውኝ አያውቁም ነበርና ሁለታችንም የሳቁ ምክንያት ገብቶናል።

«ቀስ በል አላልኩህም?»

አባቴ 72 ዓመታቸው ነው። ከ40 ዓመት በላይ በእንጨት ሥራ ኖረዋል፤ እኔና ወንድሞቼ ያደግነው በሰጋቱራ ሽታ ነው። ልጄ 19 ዓመቱ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን ጨርሶ ውጤት እየጠበቀ ነበር። አያቱ ጋ ገብቶ እንዲሠራ የፈቀድኩት ዕድሜው ስለደረሰ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣት ሠራተኞች ለሕይወታቸውና ለጤናቸው አደገኛ በሆነ ሥራ ላይ እንዳይሰማሩ ይከለክላል። ጥርስ ያለው ማሽን ፊት መቆም እንዲህ ያለ ሥራ መሆኑን ለማወቅ ጠበቃ መሆን አያስፈልግም።

አባቴም በልባቸው ሌላ ሐሳብ ነበራቸው። ከልጆቻቸው አንዳችንም ሥራውን አልያዝንላቸውም። «ይኼ ልጅ እጅ አለው» ይሉኝ ነበር፣ እሱ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

የዚያን ቀን የያዙት ሥራ ስድስት የዋንዛ ወንበር ከነጠረጴዛው ነበር፤ ለአዲስ ዓመት እንዲደርስ ቀብድ ተበልቶበታል። አሮጌው ምላጭ አንዱን ሳንቃ ግማሽ ድረስ ቆርጦ ደነዘዘ። አባቴ አዲሱን ገጥመው፣ ከደንበኛ ጋር ሊነጋገሩ ወደ በሩ ሲሄዱ «ቀስ በል» ብለውታል። ልጄም የተጀመረው ሳንቃ እንዲያልቅ ብሎ አዲሱን ምላጭ በአሮጌው ፈለግ አስገባው። እውነት ነው፣ በቀስታ ነበር የገፋው። ምላጩ ግን እዚያው ታነቀ፤ ልጄ ሊያላቅቀው ሳንቃውን ወዲህ ወዲያ ሲል ጥርሶቹ ተነቃቀሉ፤ ወዲያው ጥብጣቡ ተበጠሰ።

የአባቴ ድንጋጤ ሲበርድ ቁጣቸው መጣ።

«ስንት ጊዜ ልንገርህ? አዲስ ምላጭ ነው፣ ቀስ በል አላልኩህም?»

«ቀስ ብዬ ነበር አባባ።»

«ቀስ ብትልማ ይበጠስ ነበር?»

ልጄ የሥራ ካፖርቱን አውልቆ፣ አጣጥፎ ባንኮው ላይ አስቀመጠና ወጣ። ሦስት ቀን አልተመለሰም። ቤት ውስጥም ከእኔ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር አላወራም። እኔ በአባቴና በልጄ መካከል ቀረሁ። ወላጅ የሆነ ሁሉ ይህቺን ቦታ ያውቃታል፤ ወደ አንዱ ብታዘነብል ሌላው ይከፋዋል።

ቡና ላይ የወጣው ነገር

በአራተኛው ቀን ማለዳ አባቴ ቤት ሄጄ ቡና አፈላሁ። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ጠየቅኋቸው።

«አባዬ፣ ቀስ ማለት ምን ያህል ነው?»

«እጅ ያውቀዋል።»

«የእርስዎ እጅ 40 ዓመት ሠርቷል። የእሱ እጅ ከምን ይወቀው?»

ሲኒውን አስቀመጡ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «እኔን ያስተማሩኝ ሰውዬም አልነገሩኝም» አሉ። «ሁለት ምላጭ ሰብሬ፣ ሁለቱንም ከደመወዜ ተቆርጦብኝ ነው ያወቅሁት። አዲስ ምላጭ ስለት አለው፣ ገና ግን አልጠናም። ጫፉ ከመሳሳቱ የተነሣ በመጀመሪያው ቀን ከተጫኑት ይሸራረፋል። ትንሽ ትንሽ እየቆረጠ ጫፉ ካልተስተካከለ ዕድሜ የለውም።»

«አባዬ፣ ይህማ ማሟሸት ነው!» አልኳቸው።

እናቶችና ሴት አያቶች ወዲያው እንደሚገባችሁ አውቃለሁ። አዲስ የሸክላ ምጣድ ገዝቶ በዚያው ሰዓት ሊጥ የሚያፈስበት ባለሙያ የለም። ምጣዱ በለስላሳ እሳት ይሞቃል፣ በጎመን ዘር ይታሻል፣ ይወለወላል፣ እንደገና ይታሻል። ከዚያም በኋላ ቢሆን የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች መጣበቃቸው አይቀርም። ማንም ግን ምጣዱን አይሰድብም፤ ገና አልተሟሸማ! ጀበናም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ ምጣድ ሲሟሽ ቅባት እየጠጣ ይለሰልሳል፤ ምላጭ ሲሟሽ ግን ከጥርሱ ጫፍ ላይ በዓይን የማይታይ ነገር ይነሣለታል።

አባቴ ቃሉን ወደዱት። በሙያቸው 40 ዓመት ሲሠሩት የኖሩትን ነገር ስም ያገኙለት ከወጥ ቤት ሆነ።

ጥርሱ ላይ የሚሆነው

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፋብሪካ የወጣ ምላጭ የእያንዳንዱ ጥርስ ጫፍ እንደ መላጫ የሳሳ ነው፤ ሲሳል የቀሩ ጥቃቅን ሻካራ ነገሮችም አሉበት። በዚህ ሁኔታ ሙሉ ጫና ሲያርፍበት የሳሳው ጫፍ በጥቂቱ ይሰበራል። የተሰበረው ጥርስ የድርሻውን መቁረጥ ሲያቅተው ሥራው በሚቀጥለው ላይ ይወድቃል፤ ያም በተራው ይሸረፋል። ምላጩ በመልክ አዲስ እንደሆነ ያረጃል። በቀስታ ከተጀመረ ግን ጫፉ ሳይሰበር ይታሻል፤ በጣም ትንሽ ክብነት ይይዝና ሸክም መቻል ይጀምራል።

ልጄ የሠራው ስሕተት ግን ከዚህም የተለየ ነው። የመጋዝ ጥርሶች አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ዘንበል ተደርገው ነው የሚሠሩት። የሚከፍቱት ፈለግ ከጥብጣቡ ውፍረት ሰፋ እንዲልና ምላጩ እንዳይታነቅ ነው። ምላጭ ሲያረጅ የጥርሶቹ ጎን ይበላል፤ የሚከፍተውም ፈለግ ይጠባል። ስለዚህ ጎኑ ያልተበላ አዲስ ምላጭ በአሮጌው ምላጭ ፈለግ ውስጥ ሲገባ ጠባብ ጫማ ውስጥ እንደገባ እግር ይሆናል። ቀስ ቢሉ እንኳ አያልፍም። መፍትሔው ሳንቃውን አዙሮ ከሌላው ጫፍ ወይም ከጎኑ አዲስ ፈለግ መጀመር ነው። «ቀስ በል» የሚለው ትእዛዝ ውስጥ ይህ ሁሉ የለም።

አባቴ ቡናቸውን ጨርሰው ስልካቸውን አነሡ። እሳቸው ለትንሽ ልጅ ቀድመው የሚደውሉ ሰው አይደሉም። ልጄ ሲያነሣ የሰማሁት ይህንን ብቻ ነው፦

«ና እስቲ። ያላስተማርኩህ ነገር አለ። የምላጩን ዋጋ ግማሹን እኔ፣ ግማሹን አንተ እንችላለን። አንተም አልጠየቅህማ!»

ሁለተኛው ምላጭ

በማግሥቱ እኔም ሄድኩ። አባቴ በዚህ ጊዜ እየሠሩ ሳይሆን እየተናገሩ አስተማሩ። ይህ ለእሳቸው ቀላል አልነበረም፤ እጃቸው ከአፋቸው እየቀደመ ብዙ ጊዜ አቋርጠው እንደገና ጀምረዋል።

መጀመሪያ የማሽኑ ገመድ ከሶኬቱ ተነቀለ። ምላጩ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው፤ ሲፈታ እንደ ጸደይ ይፈናጠራል። ስለዚህ ጓንትና መነጽር ተደረገ። ጥርሶቹ በጠረጴዛው በኩል ወደ ታች ማየታቸው ተረጋገጠ። ከላይኛው መዘውር ጋር ተወጠረ፤ ከዚያም መዘውሩን በእጅ እያዞሩ ምላጩ ከቦታው አለመንሸራተቱን አዩ። ግራና ቀኝ የሚደግፉት መሪዎች የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ተተወላቸው፤ ጥርሱን እንዳይነኩም ወደ ኋላ ተደረጉ። ከጀርባው ያለው ኩሽኔታም ለመንካት ጥቂት እንዲቀረው ሆነ። መከለያው ከሚቆረጠው እንጨት ጥቂት ብቻ ከፍ እስኪል ወረደ። ማሽኑ ሊነሣ ሲል ጓንቱ ወለቀ። ጓንት ምላጭ ለመያዝ ነው፤ ማሽን ሲዞር ግን ጨርቁ ከተያዘ እጅን ይዞ ይሄዳል። መነጽሩ ቀረ።

ማሽኑ ባዶውን ጥቂት ከዞረ በኋላ አባቴ ከድሮ ሥራ የተረፈ የዝግባ ሳንቃ አመጡ። ምስማርና አሸዋ እንደሌለበት አገላብጠው አዩ። ዝግባ ለስላሳ ነው፤ ለማሟሻ ይሆናል።

«አሁን በተለመደው ጉልበትህ ግማሽ ግፋ» አሉት። «የማሽኑን ፍጥነት አንነካም። የምንቀንሰው የእጅህን ግፊት ነው።»

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የምገፋው አባባ?»

«ድምፁ እስኪለወጥ። አሁን ስማው፣ ይንጫጫል። ሲሟሽ ወፈር ብሎ ይረጋል።»

ልጄ ድምፁን እንደ እሳቸው መለየት አልቻለም። ማታ ግን ሲያነብ አምሽቶ ነበርና የራሱን መለኪያ ይዞ መጥቷል። ብረት የሚቆርጡ ሰዎች አዲስ ምላጭ ሲያሟሹ ከ300 እስከ 600 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቁርጥ በተቀነሰ ግፊት ይሠሩና ከዚያ ቀስ በቀስ ይጨምራሉ።  እንጨት ከብረት የለሰለሰ ስለሆነ ይህንን ያህል ካደረግን አይጎድልብንም ብሎ አሰላ። የዝግባው ሳንቃ ውፍረት 5 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ጊዜ በርዝመቱ ሲቆረጥ 5 በ60፣ 300 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሁለት ጊዜ ሲቆረጥ 600። ግድግዳው ላይ በጠመኔ ሁለት ሰረዝ አሰመረ።

አባቴ በመጀመሪያ ፈገግ ብለው ብቻ አዩት። ሁለተኛው ቁርጥ ወደ ማለቂያው ሲደርስ ግን ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው፣ «አሁን ረጋ» አሉ። ልጄ ወደ ጠመኔው ሰረዝ አየ። የሽማግሌው ጆሮና የወጣቱ ስሌት አንድ ቦታ ተገናኙ። እንደዚያ ቀን ሁለቱን ተመሳስለው አይቻቸው አላውቅም።

አባቴ ማሽኑን አስጠፍተው የምላጩን ውጥረት እንደገና አዩ። አዲስ ምላጭ ከመጀመሪያዎቹ ቁርጦች በኋላ ሲሞቅ ጥቂት ሊላላ ይችላልና ማስተካከል ያስፈልጋል።

ፍርሃትም ያደነዝዛል

ከዚያ ወደ ዋንዛው ተሻገሩ። ልጄ ግን የበፊቱን ፍንዳታ አልረሳም። ሳንቃውን በጣት ጫፍ እንደሚነካ ሰው ገፋው። ጥቂት ቆይቶ የመቃጠል ሽታ መጣ።

«አቁም!» አሉ አባቴ። ከጠረጴዛው ላይ ሰጋቱራ ዘግነው መዳፉ ላይ አፈሰሱለት። እንደ ዱቄት የላመ ነበር።

«አየህ? ይኼ አልተቆረጠም፣ ታሽቷል። ጥርስ ካልነከሰ ይታሻል፤ ሲታሽ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይደነዝዛል። ከመጠን በላይ ስትጫነው ትሰብረዋለህ፤ ፈርተህ ስታባብለው ደግሞ ታደነዝዘዋለህ። ማሟሸቱ አልቋል። አሁን ሥራ ስጠው።»

ልጄ ገፋ አደረገው። የሚወርደው ሰጋቱራ ፍሬ እያወጣ፣ እየሻከረ መጣ። ሽታውም ጠፋ።

እኔ እዚያ ቆሜ የማስበው ስለ ምላጩ አልነበረም። ቤቴ ውስጥ የ13 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። እንጀራ ልጋግር ባለች ቁጥር «ትቃጠያለሽ፣ ተዪው፣ ቀስ ብለሽ ትማሪያለሽ» ስላት ሁለት ዓመት አለፈ። ወንድሟን ያለ ልኩ ስንጭነው፣ እሷን ደግሞ ያለ ልኳ እያባበልናት ነበር። ለሁለቱም የምንናገረው ቃል ግን አንድ ነው፤ «ቀስ በል»፣ «ቀስ በዪ»።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉናል አያቶቻችን። እውነት ነው። ነገር ግን የዶሮ እንቁላል እንኳ የሚፈለፈልበት ቀን የታወቀ ነው፤ 21 ቀን ገደማ ይፈጃል። ዶሮዋ ያንን ቀን ጠብቃ ትታቀፋለች፤ ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ደግሞ ትነሣለች። የእኛ «ቀስ በል» ግን ብዙ ጊዜ ቀን የለውም። ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ፣ ለምን እንደሆነም አንናገርም። ልጁ ሲሰብር እንቆጣለን፤ ሲፈራ ደግሞ ሰነፍ እንለዋለን።

ስለዚህ በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ሴት ልጄን ምጣዱ አጠገብ አቆምኳት። ልኩን ነገርኳት፤ «የመጀመሪያዎቹን ሦስት እንጀራዎች አጠገብሽ ቆሜ አይሻለሁ። የሚቀጥሉትን ሦስት እዚያ ተቀምጬ አይሻለሁ። ከዚያ በኋላ ሳሎን ነኝ፤ ከፈለግሽኝ ጥሪኝ።» እንፋሎቱ እጅን እንዴት እንደሚያቃጥል፣ አክንባሎው በየትኛው በኩል እንደሚከፈት፣ ለምን እንደሆነም ነገርኳት። የመጀመሪያው ተጣበቀ። ሁለተኛው ዓይን አልነበረውም። ከሰባተኛው በኋላ ሳሎን ተቀምጬ ስጠብቅ አልጠራችኝም። ያ ዝምታ ደስም አሰኝቶኛል፣ ትንሽም ከፍቶኛል። ወላጆች ታውቁታላችሁ።

ወንበሮቹ ለአዲስ ዓመት ደረሱ። ከዚያ በፊት በነሐሴ መጨረሻ አንድ ቀን ምሳ ይዤ ስሄድ አባቴን ከሥራ ቤቱ ውጭ፣ ከቆርቆሮው ጥግ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዝናቡ እያባራ ነበር። ከውስጥ የባንድሶው ድምፅ ወፍሮና ረግቶ ይሰማል።

«አይገቡም?» አልኳቸው።

«ምን ልሠራ?» አሉና የምሳ ዕቃውን ከእጄ ተቀበሉ። «እዚህም ሆኜ ይሰማኛል።»